«አዲሱ» የሲጋራ ማቆሚያ ኪኒን ዕድሜው ስልሳ ነው

አሜሪካ ውስጥ አዲስ የሲጋራ ማቆሚያ ተሞከረ፣ ሰራም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ ሲቲሲኒክሊን ነው የሚሉት። አዲስ ማለታቸው ትንሽ ያስቀኛል፣ ምክንያቱም ቡልጋሪያዎች ታቤክስ ብለው ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሸጡት የኖሩት ነገር ነው፣ ቢጫ አበባ ካለው ዛፍ ዘር ነው የሚገኘው። ወታደሮችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትምባሆ ሲያጡ ቅጠሉን ያጨሱት ነበር ይባላል።

ጭንቅላት ውስጥ ኒኮቲን የሚቀመጥበት ወንበር አለ በሉት። ኪኒኑ ቀድሞ ይቀመጥበትና ትንሽ ያረካል፣ አምሮቱ በረድ ይላል፣ ሰውየው አልቻልኩም ብሎ ቢለኩስ እንኳ ኒኮቲኑ ቦታው ተይዞበታል፣ ሲጋራው እንደድሮው አይጥመውም።

ታዲያ ይሄን ያህል ዘመን የተዋጠ ነገር ድጋሚ መሞከሩ ለምንድነው? ለኔ መሞከሩ ልክ ነው፣ ሰው ስለዋጠው ብቻ ይሰራል አይባልማ። በ2023 በወጣው ጥናት 810 አጫሾች ገብተዋል፣ ሁሉም ምክር ያገኙ ነበር፣ ማን እውነተኛውን ማን ባዶውን (መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን) እንደሚወስድ ግን አያውቁም፣ አቁሜያለሁ ያለም በቃሉ አልታመነም፣ እፍ ብሎ ትንፋሹ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያጨሰን ሰው የሚያጋልጠው ጋዝ፣ ይለካል። ለ12 ሳምንት ከወሰዱት ውስጥ በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ሳያጨሱ የቆዩት 33 በመቶ ሲሆኑ ባዶውን ከወሰዱት 7 በመቶ ናቸው። እስከ 24ኛው ሳምንት የዘለቁት ግን 21 በመቶ ናቸው፣ ባዶውን የወሰዱት ደግሞ 5 በመቶ። ዜናው «አራት እጥፍ» ይላል፣ ከመቶ ሰው ሰባ ዘጠኙ አለመዝለቁን ግን አይነግራችሁም። ያም ሆኖ ሲጋራ ላቁም ብሎ የሚታገል ሰው ያየ 21ን አይንቅም።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ፖላንድ ውስጥ 740 ሰው ላይ ተሞክሮ በ2011 ውጤቱ ታትሟል፣ ኒውዚላንድ ውስጥም በ2014 ከኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ በልጦ ተገኝቷል፣ ኪኒኑም ርካሽ ነበር። አሜሪካኖቹ ፋርማሲ ግን የለም! በቃ ፓተንት (ብቻውን የመሸጥ መብት) የሌለው አሮጌ ነገር ላይ ማን ዶላሩን ያፈሳል። አሁን አንድ ካምፓኒ መጥቶ የድሮውን የ25 ቀን አወሳሰድ ቀይሮ፣ በቀን ሶስት ጊዜ 3 ሚሊግራም አድርጎ በ2025 ለአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ለኤፍዲኤ፣ ማመልከቻ አስገባ። ሳይንስ ነው ወይስ ቢዝነስ ካላችሁኝ ሁለቱም ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ዋጋው ነው።

ወደኛ ስንመጣ በ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ነው፣ ግን ስንቱ ነው ሲጋራውን ከጫት ጋር የሚያስኬደው? ኪኒኑ አንዳንዱን ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ቅዠት ያመጣል፣ ቅሞ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ይሄ ሲጨመርበት እንዴት ይሆናል? የአሜሪካው ጥናት ይሄን አይመልስልንም፣ እዚሁ ቃሚዎቻችን ላይ መሞከር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 ይሄን መድኃኒት ለአጫሾች ከሚመክራቸው ውስጥ አስገብቶታል። ለሙከራው ደግሞ የአሜሪካው እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፣ የቡልጋሪያው አለ።