ገንዘቡ የማይመለስ አልጋ

የእህቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ደውሎ፣ "ጋሼ፣ ርካሽ ቲኬት አግኝቻለሁ፤ ዓርብ ገብቼ ማክሰኞ እመለሳለሁ" አለኝ። ቀጥታ ከሚበረው በ85 ዩሮ ይቀንሳል። እንከኑ ኢስታንቡል ላይ ሰባት ሰዓት ብቻ መጠበቅ ነው። ሰባት ሰዓት "ብቻ" ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እናቱ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ ደሴ ሆና ወሬውን ስትሰማ ስለ ዋጋው አንድም ቃል አልተናገረች። የቆጠረችው ቀኑን ነው። "አራት ቀን? ለለቅሶ እንኳ ሦስት ቀን ይቀመጣሉ! ስድስት ዓመት ቆይቶ ከለቅሶ በአንድ ቀን በልጦ ሊሄድ ነው?" አለች። በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍራ፣ በርበሬዋን፣ ሽሮዋንና ቅቤዋን ይዛ ግንፍሌ ካለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ደረሰች።

ልጁ ግን ቤተሰብ ከመጠየቁ ጋር "ከተማ ሊጎበኝ" ነበር የሚመጣው። አውሮፓ ውስጥ ልማዱ አለ። ሰው ከሥራ ወጥቶ ሮም ወይም ፕራግ ይበርራል፣ ሁለት ሦስት ቀን በእግሩ ሲዞር ሰንብቶ ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ይገኛል። ዘመድ የለበት፣ አደራ ዕቃ የለበት፣ "ሳትቀምስማ አትሄድም" ባይ የለበት! ርካሽነቱ ያለው እዚያ ላይ መሆኑን ልጁ አላስተዋለም።

የተማረው ምህንድስና ነው፤ ጉዞውንም እንደ ድልድይ ነው የሚያቅደው። ሁሉንም በሠንጠረዥ አድርጎ ላከልኝ። ብልሃቱን አልክድም፣ የተማርኩበትም አለ። ቲኬት ሲፈለግ የመነሻውን ቀን አንድ ሁለት ቀን ወዲህና ወዲያ ማድረግ ዋጋውን ይለውጠዋል። የሳምንቱ መሐል ከዓርብና ከእሑድ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ ገናና የፈረንጆቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውልበት ክረምት ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ከዋጋው በፊት አየር ማረፊያው የት እንዳለ ካርታ ላይ ማየትም ይገባል። ፍራንክፈርት ሃን የሚባል አየር ማረፊያ አለ፤ ስሙን ይዋስ እንጂ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፓሪስ ቦቬ የሚሉትም ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን አውርዶ "እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደኅና መጣችሁ" እንደ ማለት ነው። የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ የሚከፍለው ያው በርካሽ ገዛሁ ያለው ሰው ነው።

የእኛ ቦሌ በዚህ አይታማም፤ ከመስቀል አደባባይ በአንድ መንገድ ቀጥ ብለው ይደርሱበታል። ልጁ የሳተው ሌላ ቦታ ነው። ሠንጠረዡ "ከአየር ማረፊያ ወደ ፒያሳ፦ በባቡር" ይላል። ፍራንክፈርት ላይ ባቡር ጣቢያው ከተርሚናሉ ሥር ስለሆነ፣ ዓለም ሁሉ ሥሩ ባቡር ያለው መስሎታል። የእኛ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ይዞ ነው። አንዱ መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ ተዘርግቶ መሐል ከተማ ላይ ይገናኛሉ። ቦሌ አየር ማረፊያን ግን አንዳቸውም አልጎበኙትም። ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ታክሲ መሳፈር ያስፈልጋል።

ከባቡሩ የከፋው ሰዓቱ ነበር። ሠንጠረዡ "ዓርብ 02፡40 ይደርሳል" ይላል። ቤተሰቡ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ብሎ አነበበው። እህቴ "ቁርስ አድርሰን እንሄዳለን" አለች፤ እኔም የተማርኩት ሰውዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሐሙስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከኢስታንቡል "ልሳፈር ነው" የሚል መልእክት መጣ። አሁን? ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩ። ፈረንጆቹ ቀናቸውን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ፣ እኛ ከንጋት። ከእነሱ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሶ፣ የማይቀነስ ሲሆን አሥራ ሁለት ተበድሮ የማያነብ ሰው ቲኬት ባይነካ ይሻለዋል። 02፡40 ማለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው። "ዓርብ" ያሉትም እኛ ለዓርብ አጥቢያ የምንለውን ሌሊት ነው፤ ማለትም ዛሬን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልተርክም። አሥራ አንድ ሰው በሦስት መኪና ተጭነን ወጣን። አዲስ አበባ ውስጥ የተቀባይ ብዛት በመኪና ወንበር አይወሰንም፤ በኩርፊያ ነው የሚወሰነው። ሳይጠሩት የቀረ ዘመድ ለዐሥር ዓመት የሚበቃ ወሬ ያገኛል። ተቀባይ ወደ ተርሚናሉ ስለማይገባ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ነጠላችንን ተከናንበን ቆምን። ልጁ አንዲት የጀርባ ቦርሳና አንዲት ሻንጣ ይዞ፣ ብቻውን በስልክ መኪና ሊጠራ እያሰበ ብቅ ሲል እልልታው ተቀበለው። በጥሬ ገንዘብ ሲታሰብ 85 ዩሮ አትርፏል። በእንቅልፍ ሲታሰብ ግን አሥራ አንድ ሰው ከፍሎለታል።

ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን ነው ያንን ቃል የተናገረው። "እኔ ፒያሳ አልጋ ይዣለሁ፤ አላስቸግራችሁም" አለ።

እልልታው ተቋረጠ። "አልጋ?" አለች እህቴ፤ "እኔ በሕይወት እያለሁ?"

ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ሰው ገንዘብ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ስላየው፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው ከፍለው አርአያ ሆኑ ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ከፍሎ መብላቱን ለምደነዋል። ንጉሡ አልጋው ላይ አርአያ ሳይሆኑ ቀርተው ይሁን እንጃ፣ ዘመድ ያለው ሰው ሆቴል ማደሩ ግን ዛሬም ቤተሰብን ከመስደብ ይቆጠራል። ልጁ በቀስታ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ "ጋሼ፣ የአራት ሌሊት ከፍያለሁ፤ ገንዘቡ አይመለስም" አለኝ።

"ለምን የማይመለሰውን ያዝክ?"

"ይረክሳላ!"

እዚህ ላይ ለመንገደኛ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ። ዘመድ በሌለበት ከተማ የማይመለሰውን ያዙ። ዘመድ ባለበት ከተማ ግን ጥቂት ጨምራችሁ የሚሰረዘውን ያዙ፤ እናንተ ባትሰርዙት እናታችሁ ትሰርዘዋለች።

ግንፍሌ ስንደርስ ሊፍት የለምና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፍራንክፈርት 100 ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ከዝቅታ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢያለከልክ ያለ ነገር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ቀስ ይበል፣ እንጦጦን ለሌላ ቀን ያቆየው። እህቴ ግን ትንፋሹን ሰምታ የደረሰችበት መደምደሚያ ሌላ ነው፤ "ልጄን አላበሉልኝም!" ወዲያው ገበታ ቀረበ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር። ዓርብ ስለገባ ዶሮው ለቅዳሜ ተላልፎ የጾሙ መጣ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ። ሠንጠረዡ ውስጥ የጾም ቀን የሚባል ዐምድ አልነበረም።

የዚያው የዓርብ ዕቅድ "ብሔራዊ ሙዚየም፣ ድንቅነሽ፣ 45 ደቂቃ" ይል ነበር። ከቤት ስንወጣ እውነትም ወደዚያ ነበር የምንሄደው። አራት ኪሎ ታክሲ ተራ ላይ ልጁ "ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" ብሎ ረዳቱን ጠየቀው።

"ሲሞላ" አለው ረዳቱ፣ ያለ ምንም ክፋት።

"ስንት ሰው ሲገባ ነው የሚሞላው?"

ረዳቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሥራ ዘመኑ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፤ ወደ እኔ ዞሮ አየ። የአዲስ አበባን ታክሲ በርካሽ መጠቀም ለሚፈልግ እንግዳ የምነግረው ጥቂት ነው። ዝርዝር ብር ይያዝ። ታፔላውን አይቶ ብቻ አይግባ፣ ረዳቱ የሚጠራውን ይስማ። "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲባል የግል ድርድር አይክፈት። መውረጃው ሳይደርስ "ወራጅ አለ" ይበል፤ በሐሳቡ ብቻ ያለ እንደሆነ መገናኛ ያድራል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመሄድ ደግሞ፣ የእግረኛ መንገዱ ከሰፋ ወዲህ፣ ከእግር የሚሻል የለም። የሰልፉን ግማሽ ሳይጨርሱ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደጃፍ ይደርሳሉ።

ድንቅነሽን አላየናትም። መንገድ ላይ የባለቤቴ አክስት ደወሉ፤ እሳቸው ጋ ስንሄድ ጎረቤታቸው ሰሙ፤ ጎረቤታቸው ደግሞ የልጁን አባት በልጅነት አዝለውታል። ሦስት ቤት ገባን። በየቤቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ዘጠኝ ስኒ ቡና ጠጥተን ሲመሽ ወጣን። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሠንጠረዡን ከፈተ። "ግድ የለም" አልኩት፤ "3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየች ናት፤ እስከ ሰኞ ብትጠብቅህ አይከፋትም።"

አሁን ወደ አልጋው ልመለስ። እንግዳው የእኔንና የባለቤቴን አልጋ ወሰደ። ባለቤቴና እህቴ የልጆቹን ክፍል ያዙ፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ወረዱ፣ እኔ ሶፋ ደረሰኝ። ሶፋው አጠገብ የበርበሬው ማዳበሪያ ተቀምጧል። ቲኬቱ የሚፈቅደው አንድ ሻንጣ ሲሆን ክብደቱም 23 ኪሎ ነው፤ እህቴ ደግሞ ከደሴ ያመጣችው ብቻውን ከዚያ ያልፋል። ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ላይ ሰው የሚመዝነውን ልጅ ከነሚዛኑ አራተኛ ፎቅ አስጠራችው። ሻንጣው 31 ኪሎ መዘነ። ልጁ ቀስ ብሎ ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ነገራት። ሥጋና የወተት ውጤት መንገደኛ ይዞ እንዳይገባ ሕጋቸው ነው፤ እውነቱን ነው። እህቴ ዝም ብላ ሰማችውና፣ "እናቱ ያነጠረችውን ቅቤ ይዞ ቢገባ ጀርመን ምን ትሆናለች?" አለች። ቅቤው ወጣ፤ በቦታው ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ገባ። በርበሬው እንደገና በላስቲክ ሲታሰር ቀኑን ሙሉ ስናስነጥስ ዋልን።

ማታ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ፣ ዐይኔ እያነባ፣ ሒሳቡን ሠራሁት። አልጋዬ ላይ የተኛው ሰው ፒያሳ የተከፈለበት አልጋ አለው። ያ አልጋ ሁለት ሌሊት ባዶውን አድሯል። ልጁን ቀስቅሼ ሐሳቤን ነገርኩት። ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ሲደሰት አላየሁትም፤ የሠንጠረዡ አንዱ መስመር ሊፈጸምለት ነው። ወዲያው ለሆቴሉ ደውሎ "አጎቴ ይመጣል" አለልኝ። ለባለቤቴ ነግሬ፣ ፒጃማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ።

እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዬን ተቀብላ መዝገቡን አየች። "ከፍራንክፈርት ነው የመጡት?"

"ከግንፍሌ" አልኳት።

መታወቂያዬን ደግማ አየችው፤ ከዚያ ፌስታሉን፤ ከዚያ ከኋላዬ በሩን። "ብቻዎን ነዎት?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"የሚመጣ ሰውስ አለ?"

የለም አልኳት። ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ይሁን ሐዘኔታ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ ሙቅ ውኃ ነበረው፤ በርበሬ አልነበረውም። መጋረጃውን ገልጬ ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበትን ፒያሳ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል አየሁት፤ የጊዮርጊስ ደወል ሲሰማ ከተማው የእኔ ሳይሆን የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። እንቅልፍ ከሠርጌ ሰሞን ወዲህ እንደዚያ ወስዶኝ አያውቅም። ጠዋት ቁርስ ዋጋው ውስጥ ስለነበረበት እንቁላሉን፣ ፉሉን፣ ጭማቂውን፣ ሌላ ጊዜ የማልነካውን ማርማላታ ሳይቀር በላሁ። ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ሻይ ብቻ ነበር የማዝዘው።

ፌስታሌን ይዤ፣ ጠጉሬ ገና እርጥብ እንደሆነ፣ ከሆቴሉ በር ስወጣ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ከመካከላቸው ነጠላውን ያጣፋው የዕድራችን ጸሐፊ ነበር። ቆመ። ሆቴሉን አየ፣ ጠጉሬን አየ፣ ፌስታሉን አየ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?" አለኝ። "አደሩ" የምትለው ቃል እንደዚያ ጠዋት ረዝማ ሰምቼ አላውቅም።

"የእህቴ ልጅ የያዘው አልጋ ነው" አልኩት። "ከፍራንክፈርት ነው የያዘው። ገንዘቡ የማይመለስ ስለሆነ… እሱ እኔ አልጋ ላይ ነው ያለው፣ ሶፋው ደግሞ በበርበሬው ምክንያት…"

"ይገባኛል" አለኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፤ "ይገባኛል ጋሼ፣ ሁላችንም ሰው ነን።"