የግልገል ጊቤን ታሪክ ማን ይጻፍልን?

በፕሮጀክት አስተዳደር ላይ ለተጻፉ ምርጥ መጻሕፍት ስለሚሰጡ ሽልማቶች ያቀረባችሁትን ጽሑፍ ከጅማ ሆኜ በደስታ አነበብኩት። እኛ ዘንድ ሽልማት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ልብ ወለድና ግጥም ነው። የሙያ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው አስታዋሽ የለውም።

የአሜሪካው ፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በነበሩት በዴቪድ ክሌላንድ ስም ሲሰጠው የቆየውን ሽልማት በጣም እወደዋለሁ። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተ ሲሆን የሙያውን መመሪያና ፈተና የሚያዘጋጅ ነው። በአስተማሪ ስም ደራሲን ማክበሩ ግን ከፈተናውም በላይ ያስደስተኛል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ግልገል ጊቤ አንድ የሚባለው የውኃ ኃይል ማመንጫ አለ። 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ግንባታው መሃል ላይ ተቋርጦ እንደገና የተጀመረ ነው። ለምን ቆመ? ሲቀጥል ምን ተለወጠ? ከቦታው የተነሱት ገበሬዎችስ እንዴት ሆኑ? ይህ ሁሉ ለተማሪ ወርቅ የሆነ ትምህርት ነው። ልጆቻችን ግን በውጭ አገር ድልድይና ሶፍትዌር ምሳሌ ነው የሚማሩት። ውስጡን የሚያውቁት መሐንዲሶች ደግሞ ጡረታ እየወጡ ነው። እውቀታቸው ሪፖርት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

እባካችሁ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ተባብረው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለሚጻፉ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሽልማት ያዘጋጁ። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። የኅትመት ወጪውን ቢሸፍን እንኳ ብዙ ሰው ብዕሩን ያነሳል።