የ45 ቀኑ ክትባት ሲሰጥ ዓይኑም ይታይ

አራስ ቤት የዓይን ምርመራ አለ። አንዱ ዘመድ ቁልፍ ያቅጨለጭላል፣ ሕፃኑ ዞር ይላል፣ «ጎሽ፣ ያያል!» ይባላል። ልጁ ግን የዞረው ድምፁን ሰምቶ ነው። ፊቱ ላይ እጅ ማወዛወዝም ያው ነው፤ ነፋሱ ሲነካው ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ ተጽናንተን ወራት ያልፋሉ።

«አፉን ያልፈታ ልጅ እንዴት ይመረመራል?» የሚል አይጠፋም። ይመረመራል። አሜሪካዊው ሮበርት ፋንትዝ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሕፃናት ከባዶ ነገር ይልቅ መስመርና ቅርጽ ያለበትን አተኩረው እንደሚያዩ አሳየ። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ዴቪዳ ቴለር ከዚሁ ተነስታ ካርዶች አዘጋጀች። ካርዱ ግራጫ ነው። በአንድ ጎኑ ጥቁርና ነጭ መስመሮች፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። መርማሪዋ ከጀርባ ሆና በቀዳዳው የልጁን ዓይን ትከታተላለች። መስመሩ በየት በኩል እንዳለ አስቀድማ አታይም፤ ካየች እንደኛ ዘመዶች የምትመኘውን ልታይ ነዋ! የልጁ ዓይን ደጋግሞ ወደ አንድ ጎን ከሄደ መስመሩን ለይቶታል ማለት ነው። ከዚያ ቀጠን ያለ መስመር ይቀርባል፣ ልጁ መለየት እስኪያቅተው ድረስ።

እነዚህ ካርዶች በየጤና ጣቢያው ይኑሩ አልልም። የምለው ከዚያ የቀለለ ነው። ክፍሉን ጨለም አድርጎ በኦፍታልሞስኮፕ (ብርሃን ባለው የዓይን መመልከቻ መሣሪያ) የሕፃኑን ብሌን ማብራት። ጤነኛ ዓይን ቀላ ያለ ነጸብራቅ ይመልሳል። ነጣ ካለ፣ ከደበዘዘ ወይም ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ነው። ልጁ ካላለቀሰ ከደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ለምን በ45 ቀን? እናቲቱ ለክትባት መምጣቷ አይቀርም። ደግሞ አንድ ዓይኑ ላይ የሞራ ግርዶሽ ይዞ የተወለደ ልጅ ቀዶ ሕክምናው የሚመከርለት በስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ጉዳዩ የዓይን ብቻ አይደለም። ሁበልና ቪዝል የተባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጊዜው ሰፍተው ሲከፍቱት ዓይኑ ደህና ነበር፣ አንጎል ግን ትቶታል። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተሸልመዋል። የሰው ልጅም አንጎል እንዲሁ ነው፤ ለዚህ ነው «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ምክር የሚያናድደኝ።

«ቢገኝስ የት ይታከማል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ሕፃን አደንዝዞ ዓይን የሚያክም ሆስፒታል በየከተማው የለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መነጽር አለ፣ ደህናውን ዓይን በየቀኑ መሸፈን አለ። ግን በጊዜ የታወቀለት ልጅ ቢያንስ መንገዱን ይጀምራል። በሁለት ዓመቱ የተደረሰበት ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶም ያጣውን እይታ ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

እስከዚያው ወላጆች ነርሷን «ዓይኑንም እዪልኝ» በሉ። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ አንዱ ብሌን ደጋግሞ ነጭ ከመሰለም ቀጠሮ አትጠብቁ። ምናልባት የካሜራው አቅጣጫ ይሆናል። ግን ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የልጆች የዓይን ካንሰርም የሚታየው እንዲሁ ነው።