አምስት ዓመት ላይ የሚዘጋ አእምሮ የለም

ባለፈው ቅዳሜ ትንሿ ልጄ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ጎንደር ነው። ውሳኔው ቀድሞ አልቋል፤ እኛ የተጠራነው ለመስማት ብቻ ነው። የኬጂ ልጆች የጨዋታ ሰዓት ተሰርዟል። በቦታው የእንግሊዝኛ ቱቶሪያል ገብቷል፤ ግማሹ ከመምህር ጋር፣ ግማሹ በቴሌቪዥን። ቤት ስንገባም ከልጆቻችን ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ እንድናወራ ታዘዝን።

ለምን ሲባል ኃላፊው እንዲህ አሉ፦ «የልጅ አእምሮ አምስት ዓመት ላይ ይዘጋል። ሳይንስ ያረጋገጠው ነው። እስከዚያ ያልገባ በኋላ አይገባም።»

ብዙ ወላጅ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ ደሜ ፈላ። እጄን ባወጣ «ሰዓት የለንም» ተባልሁ። እዚያ ያልተሰማውን እዚህ እላለሁ።

አእምሮ አይዘጋም። ይህን የሚል ሳይንስ የለም። ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የልጅ አንጎል በስድስት ዓመት ገደማ በመጠን የአዋቂውን 90 በመቶ ያህል ይደርሳል። ይህ እውነት ነው። ግን መጠኑ ደረሰ ማለት መማር አበቃ ማለት ነው እንዴ? የልጅ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሴሎቹ መካከል ከሚያስፈልገው በላይ መገናኛ ያበዛል። ከዚያ የተሠራበት እየጠነከረ፣ ያልተሠራበት እየተገረዘ ይሄዳል። በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ይህ ሥራ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይቀጥላል። ትኩረትን የሚይዘው፣ ስሜትን የሚገታው፣ ነገን የሚያቅደው ያ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ከልጅ አብዝቶ የሚፈልገው ክፍል ከሁሉም ዘግይቶ ይበስላል። አምስት ዓመት ላይ ገና ጥሬ ነው። ኃላፊው ተዘጋ ያሉት ገና ያልተከፈተውን በር ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። እናቴ ደንቢያ ገጠር ነው ያደገችው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሠላሳ ዓመት አልፏታል፣ ልጆች ወልዳለች። ፊደል የቆጠረችው ያኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያሟን እያነበበች ነው ቡና የምታፈላው። እንደ እሷ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ማንበብ ተማረ። ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. አገራችንን ለዚሁ ዘመቻ ሸልሟል። የፈረንሳዩ የአንጎል ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሃን ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በብራዚልና በፖርቱጋል የሦስት ዓይነት ሰዎችን አንጎል አነጻጽሯል፦ ያልተማሩ፣ በልጅነት የተማሩ፣ በጉልምስና ማንበብ የተማሩ። በጉልምስና የተማሩትም አንጎል ተለውጧል። ታዲያ የእናቴ አእምሮ መቼ ነው የተዘጋው?

ኃላፊው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ውጤትም ጠቅሰዋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ከታች እንጀምር አሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ያሳዝናልም። ግን እነዚያ ልጆች የወደቁት ኬጂ ሳሉ ስለተጫወቱ ነው? ስንቱ ኬጂን በዓይኑ አይቶ ያውቃል? የብዙ ዓመት ጥፋት ተሰብስቦ የአምስት ዓመት ሕፃን ትከሻ ላይ አይጫንም።

አሁን ወደ ጨዋታው ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ማታ ማታ እናቴና ልጄ እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። «እንቆቅልሽ?» ትላለች እናቴ። «ምን አውቅልሽ?» ትላለች ልጅ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ልጄ ዝም ትላለች። አፏ ላይ የመጣውን የመጀመሪያ መልስ ልትናገር ትልና ትተወዋለች። ለምን? ከተሳሳተች ስለምትሸነፍ። እንቆቅልሹን በልቧ ይዛ የምታውቀውን ሁሉ ታገላብጣለች፦ ድመት? ጥላ? ጨረቃ? ሲያቅታት «አገር ስጪኝ» ትባላለች። ጎንደርን መስጠት እምቢ ትላለች፤ ባሕር ዳርን ትሰጣለች። ከዚያ መልሱን ትሰማለች፦ ጤዛ። በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ግቢ ወርዳ ሣሩን በእጇ ዳሰሰች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው እዚያው ሣር ጋ ነው። ደርቋል። «አጣኋት!» ብላ ጮኸች።

እዚህ ውስጥ ስንት ትምህርት አለ? የመጣን መልስ መግታት አለ። ነገርን በልብ ይዞ ማሰብ አለ። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላ መሞከር አለ። የአንጎል ተመራማሪዎች ለትምህርት መሠረት ናቸው ብለው ደጋግመው የሚጠቅሷቸው ሦስቱ ችሎታዎች እነዚህ ናቸው። ብይ የሚጫወት ልጅ ተራውን ይጠብቃል። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ መስመር ሳትረግጥ ቁጥር ትይዛለች። ድብብቆሽ ላይ የተደበቀ ልጅ ሳቁን ያፍናል። ራሱን መግታት የሚማረው ማንም ሳያስገድደው፣ ጨዋታው እንዳይበላሽበት ብሎ ነው። ወንበር ላይ አስቀምጦ «ዝም በል» ማለት ይህን አያስተምርም። ዝም ያሰኘዋል፤ በቃ።

ማስታወስም እዚሁ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያነበቡትን ደግመው ካነበቡ ተማሪዎች ይልቅ ከራሳቸው አውጥተው ለማስታወስ የሞከሩት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። የእኛ የኔታዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ የቆሎ ተማሪ ያጠናውን በቃሉ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። እንቆቅልሽም ጠይቆ ከልጅ ማውጣት ነው። ቱቶሪያሉ ግን ያጎርሳል እንጂ አይጠይቅም።

ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ጭካኔ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ለልጄ ምን እላታለሁ? ነይ፣ ሂጂ፣ ብዪ፣ ተኚ። እናቴ ደግሞ ጭራሽ አፏን ልትይዝ ነው። ጤዛን ማን ያሳያት? የልጅ አእምሮ የሚያድገው ልጅ ሲያወራ መልስ የሚሰጠው፣ መልሶም የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው። ያንን በአማርኛ እስከ ልባችን ጥግ እናደርገዋለን። በአርባ የእንግሊዝኛ ቃል አይቻልም። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ይል የነበረው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ያለምክንያት አልተጻፈም።

ቴሌቪዥኑስ? ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ከቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ጋር ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ተማሩ። ያንኑ ትምህርት በቪዲዮ ያዩት አልተማሩም። እርግጥ የእኛዎቹ ከእነዚያ በዕድሜ ይበልጣሉ። ቢሆንም ሰውን በስክሪን ተክቶ ሳይንስ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ቋንቋ በልጅነት ሲጀመር አነጋገሩ ይጠራል። እንግሊዝኛ ይማሩ፤ በመዝሙር፣ በጨዋታ ይማሩ፣ ደስ ይለኛል። ግን ጨዋታን ገድሎ አይደለም።

ደግሞ የት ነው ያለነው? ልጆቻችን ባለፉት ዓመታት የተኩስ ድምፅ ሰምተው አድረዋል። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ ልጅ አለን። በፍርሃት የተያዘ አንጎል አደጋ ይጠብቃል፤ ለትምህርት ቦታ የለውም። ለእነዚህ ልጆች የጓደኛ ሩጫና ሳቅ ቅንጦት አይደለም። ከየትኛውም ከተማ ልጅ በላይ የሚያስፈልገው ለጎንደር ልጅ ነው። ጨዋታ የተነጠቀውም ይኸው ልጅ ነው!

ኃላፊው ሳይንስ ካሉ ሳይንሱን ይጠይቁ። ከተማችን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች። የአንጎልን ነገር የሚያውቅ ሐኪም በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቢርቅ ነው። አንዱን ጋብዘው ወላጅ ፊት ያናግሩ። እኔ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።

እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ወላጆች ደብዳቤ ላይ ፈርመናል። የጨዋታ ሰዓቱ እንዲመለስ፣ ቴሌቪዥኑ እንዲወጣ፣ ቤታችን ውስጥ በምን ቋንቋ እንደምናወራ ለእኛ እንዲተው ጠይቀናል። ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት በእጄ አደርሳለሁ።