ሦስት ጊዜ ተንፍስ፣ ከዚያ ተበላ

ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ጋዜጣዬን ለመጨረስ ስጣጣር፣ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ወደ ምርመራ ክፍል ተለወጠ። ታካሚው ገና ጺሙን በወጉ ያላበቀለ የፖከር ተጫዋች ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ ነጭ ስኒከር የተጫማ፣ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን የደረደረና ራሱን «የአእምሮ ጨዋታ አሰልጣኝ» ብሎ የሚጠራ ጎልማሳ። ድምፁን ዝቅ የማድረግ ልማድ ስላልነበረው፣ እኔም፣ አስተናጋጇም፣ ከበረንዳው ሥር ጫማቸውን የሚያስጠርጉት ሁለት ሰዎችም የልጁን ውስጣዊ ሕይወት እኩል ተካፈልን። እናንተም እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ከጎናችሁ ጠፍቶ ስለማያውቅ፣ ቅሬታዬን በማስረዳት ጊዜ አላጠፋም፤ በቀጥታ ወደ ምስጋናው እገባለሁ።

ድሮ ቁማር የተበላ ሰው ተበላ ይባል ነበር። ወይ ካርታው እምቢ ብሎታል፣ ወይ ከእሱ የሚበልጥ ሰው ገጥሞታል፣ ወይም ጨርሶ አያውቅበትም ነበር፤ ሦስቱም መልሶች በነጻ ይገኙ ነበር። ዛሬ ምስጋና ለአሰልጣኞቻችን ይሁንና ማንም አይበላም፤ «ከስሜቱ ጋር ያልጨረሰው ጉዳይ አለው» እንጂ። ይህን ጉዳይ ለማግኘት አርባ ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ ተዘጋጅቷል። ሲሸነፉ የሚሰማዎትን ንዴት ከአንድ እስከ አሥር ይመዝኑ፤ ልጁ «አሥራ አንድ» አለ፣ አሰልጣኙም እንደ ጎበዝ ተማሪ አየውና መዘገበ። ቅጹ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ አባቱና ስለ መጀመሪያ ፍቅሩ ጠየቀ። ካርታ መጫወት ይችል እንደሆነ ግን ከአርባው አንዱም አልጠየቀም።

ልጁን ወደዚህ ያመጣው ቁስል እንዲህ ነበር። ሁለት አስ ደረሰው፤ ቴክሳስ በሚባለው የፖከር ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሰጥቶ የቀረው ለሁሉም መሃል በሚዘረጋበት ጨዋታ፣ ከ221 ጊዜ አንዴ ብቻ የሚመጣ፣ ከሁሉም የሚበልጥ አነሳስ ነው። ያለውን ብር በሙሉ መሃል ጣለ። ሁለት ንጉሥ የያዘው ሰው ተቀበለው፣ መሃል የተዘረጋው የመጨረሻው ካርታ ሦስተኛ ንጉሥ ሆኖ ወጣ፣ ልጁም ባዶውን ተነሣ። ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ሁለት አስ ሁለት ንጉሥን የሚረታው ከ100 ጊዜ 82 ያህሉን ነው፣ የቀረው 18 ደግሞ ለአንድ ሰው ይደርሳል፤ የዚያን ሌሊት ላንተ ደረሰህ፣ ጨዋታህ ግን ትክክል ነበር፣ ነገም ቢመጣልህ እንዲሁ አድርግ። አሰልጣኛችን ግን እንዲህ ባለ ርካሽ መልስ ደንበኛውን አይሸኝም። ሁለት ሙሉ ቀጠሮ ቆፍሮ ሥሩን አገኘው። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ከክፍሉ አንደኛ ከወጣ ብስክሌት እንደሚገዛለት ቃል ገብቶ ነበር፤ ልጁ አንደኛ ወጣ፣ ብስክሌቱ ሳይመጣ ቀረ። እንግዲህ ንጉሡ አባቱ ነው። ሦስተኛው ንጉሥ ማን እንደሆነ ለመስማት ጋዜጣዬን ባጥፍም፣ እሱ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ተላለፈ።

መድኃኒቱን ደግሞ ከምርመራውም አብልጬ አደንቃለሁ። ባለፈው ወር የታዘዘለት ነገር ቀላል ነበር፤ ከባድ ውሳኔ በመጣ ቁጥር ሦስት ጊዜ በአፍንጫህ በጥልቀት ሳብ፣ በአፍህ ቀስ ብለህ ልቀቅ። ልጁ ታዛዥ ነው። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ጓደኛሞች በተከራዩት ክፍል ውስጥ በመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ ካርታ ሲመጣለት ሦስት ጊዜ ተነፈሰ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሰባት ሰዎች ቀና ብለው አዩት። ብር ሲጨምር ሰባቱም ካርታቸውን ጣሉ። ቆይቶ እንደገና ተነፈሰ፣ እንደገና ጣሉ። በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሹ ሦስት እስኪሞላ እንኳ የሚጠብቅ አልነበረም፤ አፍንጫው ሰፋ ካለ ካርታው ይመለሳል። የማይረባ ካርታ ሲይዝ ግን ውሳኔው ከባድ ስላልሆነ አይተነፍስም፣ ያን ጊዜ ሁሉም እየደፈረ ይጨምርበታል። ካርታውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ኖሮ የተሻለ ምሥጢር ይጠበቅለት ነበር።

አሰልጣኙ ይህን ሲሰማ ቅንጣት አልደነገጠም። «ችግሩ ትንፋሹ አይደለም፣ ወጥ አለመሆኑ ነው» አለና ሁለተኛውን ማዘዣ ጻፈ፤ ካርታ በታደለ ቁጥር ተንፍስ። በሰዓት ሃያ አምስት ጊዜ ያህል በሚታደልበት ጠረጴዛ ይህ ሰባ አምስት ጥልቅ ትንፋሽ ማለት ነው። በሁለተኛው ሰዓት ልጁን ራሱን ያዞረው ጀመር። ሻይ የምታቀርበው ሴት አስም መስሏት መስኮት ከፈተች፣ ነፋሱ ካርታውን በተነው፣ ጨዋታው እንደ አዲስ ተጀመረ። አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽለት» አለ፤ ሌላው ጦስኝ በማር ይሻላል ብሎ ተከራከረ። በዚህ መሃል ከሁሉም ዝም ያለው ተጫዋች አንድ ነገር አስተዋለ፦ ልጁ ጥሩ ካርታ ሲይዝ ሦስተኛዋ ትንፋሽ ረዘም ትላለች። ከዚያ በኋላ «ሦስተኛዋ ረዘመች» እየተባለ ሁለት ንግሥት እንኳ ተጣለ። ሦስተኛው ማዘዣም ወጣ፤ ድምፅ እንዳይሰማ በሆድህ ተንፍስ። ልጁ ሳይበላ የሚጫወት ስለሆነ ሆዱ መጮህ ጀመረ፤ ጠረጴዛው አሁን ሆዱን እያጠና ነው። ይህ ሁሉ በበረንዳው ላይ ሲተረክ አሰልጣኙ «እድገት እያየሁ ነው» አለ፤ ይህን ቃል ከማንም አጠገብ ሆናችሁ ብትሰሙት የገዛ ኪሳችሁን ዳብሱ።

የአእምሮ ጨዋታ የሚባለው ነገር በራሱ ተረት ነው ማለቴ አይደለም። የፖከር ሰዎች ቲልት የሚሉት፣ ሰው ከተበላ በኋላ በንዴት የማይጫወተውን ካርታ የሚጫወትበት ሁኔታ፣ ብዙ ብር ያስበላል። ቃሉ የመጣው ፒንቦል ከሚባለው የኳስ መጫወቻ ማሽን ነው፤ ተጫዋቹ ተናዶ ማሽኑን ሲያዘነብለው ማሽኑ የተጀመረውን ጨዋታ ያቆምበታል። ሥራውን የሚያውቅ አሰልጣኝም ይህንኑ ያደርጋል። ይህን ያህል ከተበላህ ተነሣ የሚል ወሰን ቀድሞ ያስቀምጣል፣ የተጫወትሃቸውን ካርታዎች አምጣልኝ ይላል፣ ውሳኔውን ከውጤቱ ለይቶ ይመዝናል፣ የአንድ ሌሊት መበላት ስለ ችሎታ ምንም እንደማይናገርና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እጅ፣ ማለትም የካርታ ዙር፣ መታየት እንዳለበት ያስረዳል። የኛው ጎልማሳ ግን ከማሽኑ ያነሰ ነው፤ የተናደደውን ልጅ እየተነፈሰ እንዲቀጥል ያደርገዋል።

በእምነት በኩል ግን አይታማም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ውስጥ የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ጨዋታን አሸንፎ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር የወሰደውን የሂሳብ ሠራተኛ፣ ክሪስ መኒሜከርን፣ ለልጁ በምሳሌነት ጠቀሰለት። «ስላመነ ነው ያሸነፈው» አለ። በዚያ ውድድር 839 ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ የቀሩት 838ቱ እንግዲህ ሲጠራጠሩ ሰንብተዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ላቋርጥ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ሌሊት መሃል የጣለው ብር እናቱ ዕቁብ ደርሷት ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችው እንደሆነ ተናገረ፤ እንጀራ ጋግራ በማስረከብ ነው የምትኖረው። ብሩን ሲጥል እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበረም ጨመረ። አሰልጣኙ ምን አለ? «የሚያንቀጠቅጥህ ብሩን እንደ ብር ስለምታየው ነው። እንደ ጠጠር እየው።» ጠጠር! በጢስ ዓይኗ እየነደደ፣ ሳምንት በሳምንት ከምጣድ ሥር የተጠራቀመ ብር ጠጠር ነው። በዚያ ልጅ ላይ ጤነኛ ሆኖ የቀረው ነገር ቢኖር የእጁ መንቀጥቀጥ ነበር፣ ይህ ሰው እሱንም ሊያድንለት ተነሣ፣ ለዚያውም በሰዓት እያስከፈለ። ፖከርን እንደ ሥራ የያዙት እንኳ ለአንድ ጠረጴዛ ይዘው የሚቀመጡትን ገንዘብ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ለብቻው ሳያስቀምጡ አይጫወቱም፤ የኪራይ ብር ይዞ የመጣን ልጅ «ተነሥተህ ወደ ቤትህ ሂድ» የማይል ሰው አሰልጣኝ አይባልም። የሚባለውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከዚህ ቀደም በቁማር ዙሪያ ሳይበላ የሚነሣው ከየጨዋታው ድርሻውን የሚቆርጠው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሆነዋል። ልጁ ቢያሸንፍ የአሰልጣኙ ዘዴ ሠርቷል፣ ቢሸነፍ ደግሞ ልጁ ዘዴውን በሙሉ ልቡ አልተቀበለም፤ ሁለቱም ወደ ሌላ ቀጠሮ ያመራሉ። እንዲህ ያለ እጅ ከ52 ካርታ መሃል ፈልጋችሁ አታገኙም።

ሂሳቡ የመጣው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ውኃ፣ አሰልጣኙ ያዘዘው ፌቲራ። አሰልጣኙ በሁለቱም ስልኮቹ ላይ አቀረቀረ። ልጁ ቦርሳውን ከማውጣቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ሳበ፣ በአፉ ለቀቀ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛዋ ረዘም አለች። አሰልጣኙ ወዲያው ቀና አለ።

«ኮች፣ ለዛሬው ስንት ነው?» አለ ልጁ።

«ለዛሬው እንደ ተለመደው ነው፣ ወንድሜ» አለ አሰልጣኙ፤ «ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ግን ትንሽ ጨምሬያለሁ።»