የልጅቱን ዶሮ የበላናት እኛ ነን

የጎጃም እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተም ለእኔም ነው። «የዘንድሮ ልጅ ትዕግሥት የለውም» የሚለው ወሬ ከደጀን እስከ ዳንግላ ከቡና ጋር አብሮ ይቀርባል። ስልክ ካልሰጡት ያለቅሳል፣ ዳቦው ሳይበርድ ካልቆረሳችሁልኝ ይላል፣ ብር ካገኘ ወደ ሱቅ ይሮጣል። እውነት ነው። ግን መጠበቅን ከማን ይማር?

እናት ገበያ ልትወጣ ስትል ልጁ ቀሚሷን ይይዛል። «ልቀቀኝ፣ ሸንኮራ አመጣልሃለሁ» ትለዋለች፤ ይለቃታል። ሲመሽ ጨውና በርበሬ ይዛ ትገባለች። «ሸንኮራው አልቆ ነበር።» አላለቀም። ልጁም ያውቃል፤ የጎረቤቱ ልጅ ሲመጥጥ አይቶታልና። በሚቀጥለው ገበያ ቀሚሷን አጥብቆ ቢይዝ አመለኛ እንለዋለን። በበዓል ቀን አክስትና አጎት የሚሰጡት ብርስ? «አምጣ፣ ላስቀምጥልህ» እንላለን። የት ተቀምጦ ያውቃል? ልጁ ወደ ሱቅ የሚሮጠው አፉ የገባውን ከረሜላ ማንም «ላስቀምጥልህ» እንደማይለው ስለገባው ነው።

የእኔ ጥፋት ከዚህ ይከፋል። ለልጄ በስድስት ዓመቷ አንዲት ጫጩት «ያንቺ ናት» ብዬ ሰጠኋት። ስታድግ እንቁላሏን ሸጠን ጫማ እንገዛልሻለን አልኋት። ልጄ ጫጩቷን ከጭልፊት ጠበቀች፤ ማታ ቆጥ ላይ መውጣቷን ሳታይ አትተኛም ነበር። እኔም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልሁ መካሪ ሆኜ ከረምሁ። ዶሮዋ መጣል በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ድንገት እንግዳ መጣብን፤ አረድናት። ልጄ አላለቀሰችም። ወጡንም አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ «ቆይ» ስላት ዐይኔን አትኩራ ታየኛለች እንጂ አትመልስልኝም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ28 ትንንሽ ልጆችን ሙከራ ውጤት አሳተሙ። ለሁሉም ልጆች «ቆዩ፣ የተሻለ የሥዕል መሣሪያ እናመጣላችኋለን» አሏቸው። ለግማሾቹ አመጡላቸው፤ ለግማሾቹ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው «ይቅርታ፣ የለም» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጣፋጭ አስቀምጠው፣ ሳይበላ ከቆየ ሌላ እንደሚጨመርለት ነገሩት። ቃሉ የተጠበቀለት ልጅ በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሠ፤ የተታለለው 3 ደቂቃ። እስከ መጨረሻው 15 ደቂቃ የጠበቁት ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9 ሲሆኑ፣ ከተታለሉት 14 አንድ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ልጆቹ የተታለሉት በዚያችው ቀን፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ነው። እኛ ስንት ገበያ አታለልናቸው! ትምህርት ቤት ይከፈታል እየተባለ ደብተሩን አቅፎ የጠበቀ ልጅ በየመንደሩ አለ። ያንን መክፈት ከእኔና ከእናንተ አቅም በላይ ይሆናል፤ ሸንኮራ ማምጣት ግን አይደለም።

«ለልጅ የተሰጠ ቃል ምን ቃል ነው፣ ይረሳዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ይህ ሰው ከጎረቤቱ የተበደረውን አንድ ቁና ጤፍ ባይመልስ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የልጁ ሽማግሌ ማን ነው? ኑሮ ተወደደ የምትሉም ልክ ናችሁ፤ ታዲያ ማን ቃል ግቡ አላችሁ? «የለኝም፣ አልገዛልህም» ማለት ልጁን ያስለቅሰው ይሆናል፣ አያታልለውም።

ልጆቻችን መጠበቅ አቅቷቸው እንዳልሆነ ፍልሰታ ይመሰክራል። ሌላ ጊዜ ገና ሳይነጋ ቁርስ የሚለው ሕፃን በነሐሴ ቅዳሴ እስኪወጣ ይጾማል። እናቱም አያቱም አብረውት ይጾማሉ፤ ፍቺውም ነሐሴ 16 እንደሆነ ያውቃል፣ ማንም ወደ 20 አያዛውርበትም። እኛ ግን በቤታችን «ነገ» እንለዋለን። የአራት ዓመት ልጅ «ነገ» መቼ እንደሆነ በውል አይለየውም፤ «እንጀራው ተጋግሮ ሲያበቃ»፣ «ላሚቱ ስትታለብ» ቢሉት በዐይኑ ያየዋል።

ቆሎውን ከፊቱ አስቀምጦ «እንዳትነካ» ማለትም ማስተማር አይደለም፣ መፈተን ነው። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዓይነት የጣፋጭ ሙከራ የጀመረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዋልተር ሚሼል ጣፋጩ ከዐይናቸው የተሸፈነላቸው፣ ወይም ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር የወሰዱ ልጆች ብዙ እንደሚቆዩ አይቷል። ስለዚህ ሳህኑን ክደኑት፣ ልጁን ምስር አስለቅሙት፣ ጥጃውን እንዲያስር ላኩት። ስልኩን ግን ተዉት፤ ስልክ የሰጣችሁት ልጅ ዝም ብሏል እንጂ አልጠበቀም።

ልጅ ከትልልቆች በኋላ ይበላ የነበረበትን ዘመን የሚያወድሱም አሉ። አደግሁበት፣ አውቀዋለሁ። አያቴ የእኔን ድርሻ አስቀድማ በሰፌድ ለይታ ትከድን ነበርና ተረጋግቼ እጠብቅ ነበር። በሌላ ዘመዴ ቤት ግን መሶቡ ባዶውን ይወርድልን ስለነበር፣ እዚያ የተማርሁት እንግዳ ሳያየኝ መንጠቅን ነው።

ለልጄ ዶሮ አለብኝ። በመጪው ቅዳሜ ከገበያ ቄብ ገዝቼ እንደማመጣላት፣ ያለ እርሷ ፈቃድም ማንም እንደማያርዳት ትናንት ማታ ነገርኋት። «እሺ» አለችኝ። ቆጡን ግን አልጠረገችም።