ክርክር፦ ገንዘቡ ለጤና ኬላ ይሂድ ወይስ ለጤና ጣቢያ?

የወረዳው በጀት ለሁሉም አይበቃም። ታዲያ የቱ ይቅደም? በአንድ ወረዳ የሚሠሩ ሁለት የጤና ባለሙያዎች ተከራክረውበታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፦

ኬላው ይቅደም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው 2 ሴቶች ይመደቡ ተባለ። 10ኛ ክፍል ጨርሰን፣ 1 ዓመት ሠልጥነን ወደ ሰው ቤት ገባን። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ሁሉም የእኛ ሥራ ነው አልልም። ግን አንድ ቀን የክትባት ሳጥኔን አንግቼ ጭቃውን ተሻግሬ አንድ ቤት ደረስኩ። እናትየዋ «ደህና ነው፣ ትንሽ ከሳብኝ እንጂ» አለችኝ። የልጁን ክንድ ስለካው መለኪያው ቀዩ ላይ ቆመ፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። እሷ መታመሙን መች አወቀችና ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች!

የጤና መኮንኑ፦

እህቴ፣ ልፋትዎን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ወልዳ ደም የሚፈሳትን እናት ምክር አያድናትም። ደሙን የሚያቆም መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን ያስፈልጋታል። መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ፍሪጁ መብራት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሰው ሸክም የመጣች ወላድ ነበረች። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ አዋለድናት። ውሃውን ቤተሰቧ ናቸው በጀሪካን ቀድተው ያመጡት። ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጤና ጣቢያ የሚታቀደው ለ25,000 ሰው ነው፤ በሥሩም 5 ኬላ አለ። ያለችውን ብር ለ5 ብንበትናት የማንንም ቀዳዳ አትደፍንም። ሰውም ቢሆን ኬላውን አልፎ ነው እኛ ጋ የሚመጣው። ለምን? ቁልፍ ነዋ!

ሠራተኛዋ፦

ወንድሜ፣ ለምን ቁልፍ እንደሚሆን ያውቃሉ። አንዳችን ቤት ለቤት ስንዞር ሌላዋ ለስብሰባና ለሪፖርት ወረዳ ትጠራለች። 3ኛ ሰው ይጨመርልን፣ ቢቻል ነርስ፤ በሩ ይከፈታል። ቤቷ ትውለድ አላልኩም። ግን እርግዝናዋን በጊዜ የሚያውቅላት፣ ምጧ ሲመጣ አምቡላንስ የሚጠራላት ማነው?

መኮንኑ፦

እርስዎ ነዎት። ነርስ መጨመሩንም እደግፋለሁ። ግን አምቡላንሱን ጠርተው ላኳት እንበል። እኔ ጋ ስትደርስ ቤቱ ጨለማ፣ ቧንቧው ደረቅ ከሆነ በምን ልቀበላት?